ቀድሞ የወጣውን መድረስ፦ ርቀት፣ ፍጥነትና ጊዜ በአልጀብራ

ሁለት ተጓዦች በአንድ መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ፣ ከኋላ ያለው ከፊተኛው የሚፈጥን ከሆነ የት ቦታና በስንት ሰዓት እንደሚደርስበት የሚጠይቀው ስሌት በሒሳብ ትምህርት ውስጥ ረጅም ዕድሜ ካላቸው የቃላት ጥያቄዎች አንዱ ነው። የቃላት ጥያቄ የሚባለው ቁጥሮቹና የሚፈለገው ነገር በሒሳብ ምልክት ሳይሆን በተራ ዓረፍተ ነገር የሚቀርቡበት፣ ስለዚህም ተማሪው ከማስላቱ አስቀድሞ ንግግሩን ወደ ሒሳብ ጽሑፍ እንዲለውጥ የሚያስገድደው የጥያቄ ዓይነት ነው። ብዙ ተማሪ ማባዛትና ማካፈሉን አሳምሮ እያወቀ በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚቸገረው፣ ችግሩ ያለው በስሌቱ ሳይሆን ከስሌቱ በፊት በሚመጣው ውሳኔ፣ ማለትም እኩል የሚሆነው ምንና ምን እንደሆነ በመለየቱ ላይ ስለሆነ ነው። መማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ቀመሩን አስቀድመው ይህን ውሳኔ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ መቅደም የነበረበት ግን ውሳኔው ነው።

በጥያቄው ውስጥ የሚመላለሱት መጠኖች ሦስት ናቸው። ርቀት ተጓዡ ያቋረጠው የመንገድ ርዝመት ነው፤ ጊዜ ያን ርዝመት ለማቋረጥ የፈጀበት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ በአንድ የጊዜ መለኪያ፣ ለምሳሌ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚያቋርጠው ርቀት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በ2 ሰዓት 120፣ በግማሽ ሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ ርቀት የሚገኘው ፍጥነትን በጊዜ በማባዛት መሆኑ ግልጽ ነው። አልጀብራ ለእነዚህ መጠኖች ፊደል ይሰጣቸዋል፤ ርቀት «ር»፣ ፍጥነት «ፍ»፣ ጊዜ «ጊ» ቢባሉ ዝምድናቸው ር = ፍ × ጊ ተብሎ ይጻፋል። ዋጋው ገና ያልታወቀው ፊደል ተለዋዋጭ ይባላል፤ በግራና በቀኝ የተጻፉት ነገሮች እኩል መሆናቸውን በ«=» ምልክት የሚያስረዳው የሒሳብ ዓረፍተ ነገር ደግሞ እኩልታ ይባላል።

አንዱ በሌላው ላይ ደረሰ የሚባለው ሁለቱ በአንድ ቅጽበት በአንድ ቦታ ሲገኙ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ተነሥተው ከሆነ እስከ መድረሻው ያቋረጡት ርቀት እኩል ነው፤ እኩል ያልሆነው የተጓዙበት ጊዜ ነው፤ ልዩነቱም አንዱ የዘገየበት ያህል ነው። በአንድ ጊዜ ከተለያየ ቦታ ተነሥተው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጊዜው እኩል ሆኖ ርቀቱ ይለያያል፤ ልዩነቱም መጀመሪያ በመካከላቸው የነበረው ክፍተት ነው። እኩልታው የሚጻፈው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን በመምረጥ ነው፤ የቀረው ሥራ ማንም ሊሠራው የሚችል ስሌት ነው።

ይህ ጥያቄ በጽሑፍ ከሚገኝባቸው ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ በቻይና በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጠናቀረው «ዘጠኙ የሒሳብ ጥበብ ምዕራፎች» ነው። በስድስተኛው ምዕራፉ ውስጥ ፈጣኑ ሰው 100 እርምጃ በሚሄድበት ጊዜ ቀርፋፋው 60 እርምጃ እንደሚሄድ ይገለጽና፣ ቀርፋፋው 100 እርምጃ ከቀደመ ፈጣኑ ስንት እርምጃ ሄዶ እንደሚደርስበት ይጠየቃል። መልሱ 250 እርምጃ ነው። የዚያ ዘመን ሊቃውንት በፊደል የሚጻፍ እኩልታ አልነበራቸውም፤ ፈጣኑ በየ100 እርምጃው 40 እርምጃ ክፍተት እንደሚያጠብ አይተው፣ 100 እርምጃ ክፍተት ለማጥፋት ከ100 እርምጃ ሁለት ተኩል እጥፍ መሄድ እንዳለበት በንጽጽር ይደርሱበታል። በዚያው ምዕራፍ ውሻ ጥንቸል ያሳድዳል፤ ጥንቸሏ 100 እርምጃ ቀድማለች፤ ውሻው 250 እርምጃ ሮጦ 30 እርምጃ ሲቀረው ይቆማል፤ ባይቆም ኖሮ ስንት እርምጃ ይበቃው እንደነበር ይጠየቃል። 250 እርምጃ 70 እርምጃ ክፍተት ካጠበበ፣ የቀረውን 30 ለማጥበብ 107 ከ1/7 እርምጃ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ800 አካባቢ በታላቁ ካርል ቤተ መንግሥት ያገለገለው እንግሊዛዊው አልኩዊን ጻፈው በሚባለው የጥያቄዎች ስብስብ ውስጥም ውሻና ጥንቸል አሉ፤ በመካከላቸው 150 ጫማ ክፍተት አለ፤ ውሻው በአንድ ዝላይ 9፣ ጥንቸሏ 7 ጫማ ይሄዳሉ፤ በየዝላዩ 2 ጫማ ስለሚጠብ በ75 ዝላይ ይይዛታል።

እነዚህን በቀላሉ በንጽጽር መፍታት ስለሚቻል አልጀብራ ለምን እንደሚያስፈልግ አይታይባቸውም። የቻይናው መጽሐፍ ግን ከእነርሱ የሚከብድ፣ አቀራረቡም ደስ የሚያሰኝ አንድ ጥያቄ አለው። አንድ እንግዳ በቀን 300 ሊ (ሊ የቻይና የርቀት መለኪያ ነው) በሚሄድ ፈረስ ከአስተናጋጁ ቤት ይነሣል፤ ልብሱን ግን ረስቷል። የቀኑ 1/3 ካለፈ በኋላ አስተናጋጁ ልብሱን አይቶ ፈረስ ጭኖ ይከተለዋል፤ ይደርስበትና ልብሱን ሰጥቶ ይመለሳል፤ ቤቱ ሲደርስ የቀኑ 3/4 አልፏል። የአስተናጋጁ ፈረስ ሳይቆም ቢሄድ በቀን ስንት ሊ ይሄዳል? እዚህ ላይ የማይታወቀው ጊዜ ወይም ርቀት ሳይሆን ፍጥነት ነው፤ የመድረሻው ሰዓትም በቀጥታ አልተነገረም።

አስተናጋጁ ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ የፈጀበት 3/4 ሲቀነስ 1/3፣ ማለትም የቀኑ 5/12 ነው። መሄጃውና መመለሻው በአንድ ፍጥነት የተሄደ አንድ መንገድ ስለሆነ እንግዳው ላይ የደረሰው በዚህ ጊዜ እኩሌታ፣ በቀኑ 5/24 ውስጥ ነው። እንግዳው በበኩሉ እስኪደረስበት ድረስ የተጓዘው 1/3 ሲደመር 5/24፣ ማለትም የቀኑን 13/24 ነው። ሁለቱም ከአንድ ቤት ስለወጡ ርቀታቸው እኩል ነው፤ እኩልታውም ፍ × 5/24 = 300 × 13/24 ይሆናል። ሁለቱም ወገን በ24 ሲባዛ 5ፍ = 3900፣ ስለዚህ ፍ = 780 ሊ። ጥያቄው አስተናጋጁና እንግዳው መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላምታ የሚለዋወጡበትንና ልብስ የሚረካከቡበትን ጊዜ ከቁጥር አላስገባም፤ ፈረሱም አይደክምም፤ እንዲህ ያለው ማቅለል የዚህ ሁሉ ስሌት የጋራ ባሕርይ ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን እኩልታው ከተጻፈ በኋላ የቀረው ሥራ ከአንድ መስመር ያልበለጠ መሆኑን ነው፤ ሐሳብ የጠየቀው ሁለቱ ጊዜያት ተለይተው እስኪታወቁ ድረስ ያለው ክፍል ነበር።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የጻፈው አል ኸዋሪዝሚ የእኩልታ አፈታትን በሥርዓት ያስተማረው ሙሉ በሙሉ በቃላት ነው። ላልታወቀ መጠን ፊደል መጻፍ የተስፋፋው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቪየት እ.ኤ.አ. በ1591፣ ቀጥሎም ሬኔ ዴካርት በ1637 ካሳተሟቸው ሥራዎች በኋላ ነው። ዛሬ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ በሦስት መስመር የሚጽፈው እኩልታ የዚህ ረጅም ጉዞ ውጤት ነው።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት የጀመረው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተመቸ ምሳሌ ነው፤ ተሽከርካሪ በመንገዱ መሐል ለመብራትና ለመስቀለኛ መንገድ ስለማይቆም፣ ፍጥነት አይለዋወጥም የሚለው ግምት ከሌላ መንገድ ይልቅ እዚያ ለእውነት ይቀርባል። አንድ የጭነት መኪና ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ወደ መንገዱ ገብቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል፤ አንድ የቤት መኪና ከ12 ደቂቃ በኋላ በዚያው መግቢያ ገብቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይከተለዋል። «ጊ» የቤት መኪናው ከገባ ወዲህ ያለፈው ጊዜ በሰዓት ሲለካ ይሁን። የጭነት መኪናው ከዚህ በ12 ደቂቃ፣ ማለትም በ0.2 ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ ስለተጓዘ ጊዜው ጊ + 0.2 ነው። ርቀታቸው እኩል ስለሚሆን 100ጊ = 60(ጊ + 0.2)። ቅንፉ ሲፈታ 100ጊ = 60ጊ + 12፤ ከሁለቱም ወገን 60ጊ ሲቀነስ 40ጊ = 12፤ ጊ = 0.3 ሰዓት፣ ማለትም 18 ደቂቃ። የቤት መኪናው በ3 ሰዓት ተኩል፣ ከመግቢያው 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይደርስበታል። የጭነት መኪናው እስከዚያ ግማሽ ሰዓት ተጉዟል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሰላ እርሱም 30 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን መልሱ ተፈትሾ ትክክል ሆኖ ይገኛል።

ሰዓቱ መቆጠር የጀመረው የጭነት መኪናው ከገባበት ቅጽበት ቢሆን ኖሮስ? ያን ጊዜ የቤት መኪናው ጊዜ ጊ − 0.2 ይሆንና እኩልታው 100(ጊ − 0.2) = 60ጊ ተብሎ ይጻፋል፤ መልሱም ጊ = 0.5 ሰዓት ነው። 0.3 እና 0.5 የተለያዩ ቁጥሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ከ3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ሌላው ከ3 ሰዓት ስለሚቆጠር ሁለቱም 3 ሰዓት ተኩልን ያመለክታሉ። የትኛውም ምርጫ ትክክል ነው፤ ስሕተት የሚሆነው ሁለቱን መቀላቀል፣ ለምሳሌ በአንዱ ሰዓት ጀምሮ መልሱን በሌላው ማንበብ፣ ወይም 0.2 ሰዓቱን ለዘገየው መኪና መጨመር ነው። ከመጻፍ በፊት የትኛው ተጓዥ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ እንደቆየ ራስን መጠየቅ ይህን ስሕተት ያስቀራል፤ መደመሩ ሁልጊዜ ቀድሞ ለወጣው ነው።

ከዚህ የረቀቀው ስሕተት የመለኪያ ስሕተት ነው። 12 ደቂቃን 0.12 ሰዓት ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው፤ ሰዓት 60 ደቂቃ እንጂ 100 ደቂቃ ስላልሆነ ይህ ትክክል አይደለም። በዚህ ምሳሌ ግን ስሕተቱ አስገራሚ ጠባይ ያሳያል፦ 40ጊ = 7.2 ይሆንና ጊ = 0.18 ይወጣል፤ ያው ተማሪ በተመሳሳይ አስተሳሰብ 0.18 ሰዓትን 18 ደቂቃ ብሎ ቢያነበው ትክክለኛውን ሰዓት ያገኛል። መጀመሪያ ያጠፋውን በመጨረሻ እዚያው ቦታ ላይ ስለሚያካክሰው ነው፤ የመድረሻው ጊዜ ከዘገየው ጊዜ ጋር በአንድ ልክ የሚያድግና የሚያንስ ስለሆነ ሁለቱ ጥፋቶች ይጠፋፋሉ። ርቀቱን ሲያሰላ ግን 100 × 0.18 = 18 ኪሎ ሜትር ብሎ ከእውነተኛው ቦታ በ12 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መምህሩ ሰዓቱን ብቻ ጠይቆ ከሆነ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል።

ያንኑ ውጤት በአጭሩ የሚያስገኝ ሌላ አመለካከትም አለ። የቤት መኪናው ሲገባ የጭነት መኪናው 12 ኪሎ ሜትር ቀድሟል፤ ክፍተቱ በየሰዓቱ 100 ሲቀነስ 60፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ይጠብባል፤ 12 ለ40 ሲካፈል 0.3 ሰዓት ነው። ይህ 40 የአንዱ ፍጥነት ከሌላው አንጻር ሲታይ የሚገኝ ስለሆነ አንጻራዊ ፍጥነት ይባላል። ሁለቱ ፊት ለፊት የሚመጡ ቢሆኑ ኖሮ ክፍተቱን ሁለቱም ስለሚያጠቡት ፍጥነቶቹ ይደመሩ ነበር። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1707 በታተመው የአልጀብራ መጽሐፉ ውስጥ 59 ማይል ተራርቀው እርስ በርስ ለመገናኘት የሚጋልቡ ሁለት መልእክተኞችን ጥያቄ አቅርቧል፤ አንዱ በ2 ሰዓት 7 ማይል፣ ሌላው በ3 ሰዓት 8 ማይል ይሄዳሉ፤ ሁለተኛው 1 ሰዓት ዘግይቶ ይነሣል። የመጀመሪያው 35፣ ሁለተኛው 24 ማይል ሄደው ይገናኛሉ፤ ድምሩ 59 ነው። በመገናኘት ጥያቄ የሁለቱ ርቀት ተደምሮ ከክፍተቱ ጋር እኩል ሲሆን፣ በመድረስ ጥያቄ ግን የአንዱ ርቀት ከሌላው ሲቀነስ የሚቀረው ነው ከክፍተቱ ጋር እኩል የሚሆነው።

አንጻራዊ ፍጥነት አጭር መንገድ ነው፤ ጀማሪ ግን ለጊዜው ሳይጠቀምበት እኩልታውን በሙሉ ቢጽፍ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም አንደኛው ተጓዥ መሐል ላይ ሲያርፍ ወይም ፍጥነቱን ሲለውጥ አጭሩ መንገድ ይዘጋል፤ ሙሉው እኩልታ ግን እያንዳንዱን ክፍል በየቦታው እየጨመረ ይቀጥላል።

ቁጥሮቹ በጥቂቱ ሲለወጡ ሌላ ነገር ይመጣል። የጭነት መኪናው ፍጥነት 80፣ የቤት መኪናው መዘግየት 15 ደቂቃ ቢሆን ቅድሚያው 20 ኪሎ ሜትር፣ አንጻራዊ ፍጥነቱም 20 ስለሚሆን ጊ = 1 ሰዓት ይወጣል፤ የመድረሻው ቦታ 100ኛው ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ግን 85 ኪሎ ሜትር ነው። አልጀብራው አልተሳሳተም፤ መንገዱ የት እንደሚያልቅ ስላልተነገረው ማለቂያ የሌለው አድርጎ ወስዶታል። በእውነተኛው መንገድ ላይ የቤት መኪናው አዳማ እስኪገባ ድረስ የጭነት መኪናውን አይደርስበትም። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ፍተሻ የሚጠይቅ ጥያቄ እምብዛም አለመኖሩ ጉድለት ነው፤ ተማሪው እኩልታው የሰጠውን ቁጥር ሁሉ መልስ አድርጎ መቀበልን ይለምዳልና። ጥያቄው ተገልብጦ የጭነት መኪናውን ልክ መንገዱ ሲያልቅ ለመድረስ በምን ፍጥነት መሄድ እንደሚያስፈልግ ቢጠየቅ፣ የጭነት መኪናው 85 ኪሎ ሜትሩን በ63.75 ደቂቃ ስለሚጨርስ፣ ለቤት መኪናው የሚቀረው 48.75 ደቂቃ ወይም 0.8125 ሰዓት ነው፤ 85 ለ0.8125 ሲካፈል በሰዓት 104.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ100 ላይ ከ5 ኪሎ ሜትር ያነሰ ጭማሪ የመድረሻውን ቦታ 15 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መሳቡ፣ የሁለቱ ፍጥነት ሲቀራረብ ውጤቱ ለትንሽ ለውጥ ምን ያህል እንደሚነካ ያሳያል።

ፍጥነታቸው እኩል 80 ቢሆን ደግሞ እኩልታው 80ጊ = 80ጊ + 20 ይሆንና ከሁለቱም ወገን 80ጊ ሲቀነስ 0 = 20 የሚል ሐሰት ይቀራል፤ ይህ እኩልታው መፍትሔ እንደሌለው፣ ማለትም ፈጽሞ እንደማይደርስበት የሚነገርበት መንገድ ነው። ተከታዩ በሰዓት 70 ብቻ ቢሄድ 70ጊ = 80ጊ + 20፣ ጊ = −2 ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነጌቲቭ ቁጥር ብዙ ተማሪ ተሳስቻለሁ ብሎ ይሰርዘዋል፤ ሆኖም ቁጥሩ ትርጉም አለው፤ ሁለቱ ከመግቢያው በፊትም በዚሁ ፍጥነት በአንድ ቀጥታ መንገድ ሲመጡ የነበሩ ቢሆን ኖሮ፣ ተከታዩ ወደ ፍጥነት መንገዱ ከመግባቱ 2 ሰዓት አስቀድሞ፣ ከመግቢያው 140 ኪሎ ሜትር ወዲያ አብረው ነበሩ ማለት ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሒሳብ ፕሮፌሰር አውጉስተስ ደ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በዕድሜ ጥያቄ አሳይቷል፦ አባት 56፣ ልጅ 29 ዓመታቸው ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ የአባት ዕድሜ የልጅ እጥፍ ይሆናል? መልሱ −2 ነው፤ ከ2 ዓመት በፊት አባት 54፣ ልጅ 27 ነበሩ። ነጌቲቩ ቁጥር ጥያቄው «በኋላ» ሳይሆን «በፊት» ተብሎ መጠየቅ እንደነበረበት ያርማል።

ይህ ሁሉ በግራፍ ሲሣል በዓይን ይታያል። ጊዜ በአግድሙ፣ ርቀት በቁመቱ መስመር ላይ ሲለካ፣ ፍጥነቱን የማይለውጥ ተጓዥ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ የፈጠነው መስመር ይበልጥ ይቆማል፤ መድረስ የሁለቱ መስመሮች መቋረጫ ነው፤ እኩል ፍጥነት ያላቸው ጎን ለጎን ሄደው አይገናኙም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ከፓሪስ ሊዮን የሚሄዱ ባቡሮች የጉዞ ሰሌዳ በዚህ መልክ ተሥሎ ነበር። በነጠላ ሐዲድ ላይ ፈጣን ባቡር ቀርፋፋውን ማለፍ የሚችለው ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ የሰሌዳው አዘጋጅ ሥራ መስመሮቹ የሚቋረጡት በጣቢያ ላይ እንዲሆን ማድረግ ነው። መድረስ ጭራሽ አይቻልም ያለም ነበር፤ ጥንታዊው ግሪካዊ ዜኖ ፈጣኑ አኪሊስ ቀድማው የተነሣችው ኤሊ ወደነበረችበት ቦታ በደረሰ ቁጥር እርሷ ትንሽ ስለምትቀድም ፈጽሞ አይደርስባትም ብሎ ያቀረበው ክርክር ፈላስፎችን ለብዙ ዘመን አድክሟል፤ አኪሊስ በሴኮንድ 10፣ ኤሊዋ 1 ሜትር ቢሄዱ፣ ቅድሚያዋም 100 ሜትር ቢሆን፣ እኩልታው 9ጊ = 100 ብሎ ከ11 ሴኮንድ ጥቂት አለፍ ሲል እንደሚደርስባት ይናገራል። እኩልታው የት እንደሚገናኙ ይነግራል እንጂ የዜኖ አስተሳሰብ የቱ ላይ እንደሳተ አያስረዳም፤ ያ ሌላ ትምህርት ነው።

መንገዱ ክብ ሲሆን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል፤ ምክንያቱም ከአንድ ቦታ አብረው የተነሡ ሁለት ሯጮች እንኳ እንደገና የሚገናኙበት ጊዜ አለ። በ400 ሜትር የመሮጫ መም ላይ ፈጣኑ ቀርፋፋውን ደርቦ የሚያልፈው በትክክል አንድ ዙር ሲበልጠው ነው። ፈጣኑ አንዱን ዙር በ63፣ ቀርፋፋው በ66 ሴኮንድ የሚጨርሱ ቢሆን፣ በ«ጊ» ሴኮንድ ውስጥ የሮጡት ዙር ጊ/63 እና ጊ/66 ነው፤ እኩልታውም ጊ/63 − ጊ/66 = 1 ይሆናል። መልሱ 1386 ሴኮንድ፣ ማለትም 23 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ነው፤ ፈጣኑ 22፣ ቀርፋፋው 21 ዙር ጨርሰዋል። የ10 ሺህ ሜትር ውድድር 25 ዙር ስለሆነ ፈጣኑ ሦስት ዙር ሲቀረው ቀርፋፋው ይደረባል። በዙር የሦስት ሴኮንድ ልዩነት ለተመልካች ብዙም አይታይም።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 በብራሰልስ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሲጨርስ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን በ2020 ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ እስኪያሻሽለው ድረስ 15 ዓመት ቆይቷል። ሰዓቱ 1577.53 ሴኮንድ ሲሆን ለአንድ ዙር በአማካይ 63.1 ሴኮንድ ይደርሳል። በዚህ ሩጫ የሚደረበው ቀነኒሳ 25ኛውን ዙር ሲጨርስ 24 ዙር ያልሞላ ሯጭ ነው፤ ስለዚህ ድንበሩ 1577.53 በ25/24 ሲባዛ የሚገኘው 1643.26 ሴኮንድ፣ ማለትም 27 ደቂቃ ከ23.26 ሴኮንድ ነው፤ ፍጥነቱን ሳይለዋውጥ ከዚህ በላይ የሚፈጅ ሁሉ ይደረባል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ ወርቅ ያገኘበት ሰዓት 27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ ነበር። በዚያ አማካይ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ቀነኒሳ በብራሰልስ በገባበት ቅጽበት 9630 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ ከመደረብ የሚያድነው 30 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ኃይሌን ዝቅ የሚያደርግ ንጽጽር አይደለም፤ የኦሎምፒክ ፍጻሜ ሯጮች እየተጠባበቁ ዝግ ብለው ጀምረው በመጨረሻው ዙር የሚለያዩበት ውድድር ሲሆን፣ የብራሰልሱ ግን ከመነሻው ሰዓትን ለመስበር የተሮጠ ነው። የሲድኒዋ 0.09 ሴኮንድ ራሷ በውድድሩ አማካይ ፍጥነት ስትሰላ 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ነች፤ አጨራረሱ ከአማካዩ የፈጠነ ስለነበረ ትክክለኛው ክፍተት ከዚያ ትንሽ ይበልጣል።

ያው የመደረብ እኩልታ በሰማይም ይሠራል። መሬት ፀሐይን በ365.25፣ ማርስ በ687 ቀን ስለሚዞሩ፣ ጊ/365.25 − ጊ/687 = 1 ተብሎ ሲጻፍ መሬት ማርስን የምትደርብበት ጊዜ 780 ቀን ያህል፣ ማለትም 26 ወር ገደማ ሆኖ ይገኛል። ወደ ማርስ መንኮራኩር ለማምጠቅ የሚመቸው ጊዜም በዚሁ ልክ ስለሚመላለስ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ፣ ቻይናና አሜሪካ መንኮራኩሮቻቸውን በአንድ ወር ውስጥ አምጥቀዋል።

በየግድግዳው ያለው ሰዓትም ይህንኑ እኩልታ ይታዘዛል። የደቂቃ ቆጣሪው በሰዓት 60፣ የሰዓት ቆጣሪው 5 የደቂቃ ክፍል ይጓዛሉ፤ ሁለቱ 12 ላይ ተደራርበው ከተነሡ በኋላ እንደገና የሚደራረቡት የደቂቃ ቆጣሪው አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 60 ክፍል ሲበልጥ ነው። 60ጊ − 5ጊ = 60፣ ስለዚህ ጊ = 12/11 ሰዓት፣ ወይም 65 ደቂቃ ከ5/11። በ12 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ሳይሆን 11 ጊዜ ብቻ ይደራረባሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው በንጋት ስለሆነ፣ በሀገር ውስጥ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓትና በውጭ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ልዩነታቸው 6 ሰዓት ነው። የደቂቃ ቆጣሪዎቻቸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያመለክታሉ፤ የሰዓት ቆጣሪዎቻቸው ግን ሁልጊዜ ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ በአንደኛው ሰዓት ላይ ሁለቱ ቆጣሪዎች በተደራረቡበት ቅጽበት፣ በሌላው ሰዓት ላይ በአንድ ቀጥታ መስመር ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይገኛሉ፤ ከ32 ደቂቃ ከ8/11 በኋላም ቦታ ይለዋወጣሉ።